የደጋ ውሃና የሻይ ጣዕም

እንግዳ መቀበል ከጥንት ጀምሮ የጨዋ ቤት መታወቂያ መሆኑን ክቡራን አንባብያን ሁሉ ያውቁታል። ጠጁና ጠላው በግብር ላይ፥ ቡናው በጎረቤት መካከል የየራሳቸው ክብርና ሥርዓት አላቸው። ሻይ ግን ከሩቅ አገር ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ስለ ሆነ፥ አፈላሉን እንደ ቡናው ከእናቶቻችን እጅ አጥርተን አልተማርነውም። ስለዚህ ሻይ ቀጠነ፥ ሻይ መረረ፥ ሻይ ጭስ ጭስ አለ ባልን ጊዜ ጥፋቱን የምንጥለው ወይ በቅጠሉ ላይ፥ ወይ ቅጠሉን በሸጠልን ነጋዴ ላይ ነው። እኛም በዚህ ስሕተት ከወደቁት ወገን ስለ ሆንን፥ የዛሬውን ጽሑፋችንን በራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

በሐምሌ ወር በደብረ ታቦር ከተማ ተቀምጠን ሳለ አንድ የተከበሩ እንግዳ እንደሚመጡብን ሰማን። ከከተማውም ሱቅ ከሲሎን፥ ዛሬ ስሪ ላንካ ከሚባለው አገር የመጣ፥ ዋጋውም ከሌላው የበለጠ ረዥም ቅጠል ሻይ ገዛን። በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ አንዲት ፊደል ሳናጐድል ፈጸምን፤ ይኸውም ውሃውን አፍልቶ በቅጠሉ ላይ ማፍሰስና 3 ደቂቃ ማቈየት ነው። የቀረበው ሻይ ግን መልኩ ገለባ የተነከረበት ውሃ ይመስል ነበር፤ ጣዕሙም ከመልኩ አይሻልም። እንግዳችን በጨዋነታቸው ብርጭቋቸውን ጨርሰው አመሰገኑ፤ ሁለተኛ ግን አልተቀበሉም። እኛም በማግሥቱ ፓኬቱን ይዘን ወደ ሱቁ ሄድንና ባለ ሱቁን ሽማግሌ በገበያተኛው ፊት «ያረጀ ቅጠል ሸጡልን» ብለን ተናገርናቸው። እርሳቸውም አንድ ቃል ሳይመልሱ ገንዘባችንን ቈጥረው ሰጡን። በዚያች ሰዓት እውነተኞች እኛ፥ አታላዩም እርሳቸው መስሎን ነበር።

ነሐሴ ገባ። ደብረ ታቦር ስሟን ከታቦር ተራራ የወሰደች ከተማ ስለ ሆነች፥ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው በዓል ለሌላው አገር ቡሄ ሲሆን ለርሷ ደግሞ የስሟ በዓል ነው። ልጆቹ ጅራፋቸውን ሲያጮኹ፥ ሙልሙሉ ሲታደል፥ ከጉና ተራራ የሚወርደው ጉም ከቤት ደጃፍ እስከ አጥሩ አያሳይም። እንዲህ ባለው ብርድ ትኵስ ነገር የማይወድ የለም። ጊዜውም የፍልሰታ ጾም ስለ ሆነ ወተት የማይነካበት ነው፤ ሻይም ያለ ወተት ይጠጣልና ጣዕሙን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ወራት አይገኝም። በበዓሉ ማግሥት አንዲት ወዳጃችን ወይዘሮ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ጠሩን።

በቤቱ የተሰበሰብነው ጥቂት ነበርን። ባለቤቲቱ ወይዘሮ፥ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ለመውለድ ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጃቸው፥ የሳይንስ መምህር የሆነው የእኅታቸው ልጅ፥ ጎረቤታቸው የሆነች አንዲት አዋላጅ ነርስ፥ እኛም ነበርን። ልጂቱ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከውጭ አገር የመጣ የሻይ ፓኬት ለእናቷ ይዛ ነበር። እኛም ይህን ባየን ጊዜ ስለ ሐምሌው ሻይ አጫወትናቸው፤ ነገሩም ወደ ክርክር ተለወጠ። ልጂቱ «የውጭው ሻይ ይበልጣል» አለች። መምህሩ «የአገራችን አያንስም» አለ። ወይዘሮዋ ግን «እኔስ ያደግሁት በጉና ጦስኝ ነው፤ ነገር ግን ጦስኝ ለራስ የሚጠጣ እንጂ ለእንግዳ የሚቀርብ አይደለምና ከክርክሩ አላገባውም» አሉ። በዚህ ጊዜ መምህሩ ክርክሩን በአፍ ከማብዛት በምላስ መፍረድ ይሻላል ብሎ ሐሳብ አቀረበ።

ወደ ቅምሻው ከመግባታችን በፊት ሻይ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል። ብዙ ሰው ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ ከሁለት ልዩ ልዩ ተክል የሚገኙ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው። ተክሉ ባይገረዝ ዛፍ የሚሆን፥ ዘወትር ስለሚገረዝ ግን እንደ ቍጥቋጦ አጥሮ የሚኖር ነው። የሚለቀመውም ከጫፉ አንድ እምቡጥና ሁለት ለጋ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ ከጠወለገ በኋላ ቢታሽና አየር እንዲያገኘው ቢተው ይጠቍራል፤ ደርቆም ጥቁር ሻይ ይባላል። ወዲያው እንደ ተለቀመ በእንፋሎት ወይም በጋለ ብረት ቢሞቅ ግን መጥቈሩ ይቀራል፤ እርሱም አረንጓዴ ሻይ ነው። ልዩነቱ የእጅ ሥራ ልዩነት ነው፤ ከአንድ ገብስ ቆሎም ጠላም እንደሚገኝ ማለት ነው።

ስሙም የመጣበትን መንገድ ይናገራል። ቻይናዎች ቅጠሉን በብዙ አውራጃ «ቻ» ይሉታል፤ በየብስ መንገድ በፋርስና በዐረብ በኩል የተቀበሉት ሕዝቦች ሻይ አሉት፥ እኛም ከነዚህ ነን። በመርከብ በሆላንድ ነጋዴዎች በኩል የተቀበሉት የምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ግን የፉጂያንን አውራጃ አነጋገር ተከትለው «ቴ» አሉት። በአገራችን ተክሉ የሚለማው ዝናብ በማይለየው በደቡብ ምዕራብ ነው። በከፋ በቦንጋ አቅራቢያ ያለው ውሽውሽና በኢሉባቦር በጎሬ አቅራቢያ ያለው ጉመሮ ስማቸው የታወቀ የሻይ እርሻዎች ናቸው። ከእርሻው የሚወጣው ጥቁር ሻይ ብዙውን ጊዜ በመኪና ተጨፍልቆና ተንከባልሎ እንደ ጤፍና እንደ ዳጉሳ ፍሬ የደቀቀ ነው። ከሲሎን የገዛነው ግን ሙሉ ቅጠሉ የተጠቀለለ ነበር። አንባቢ ይህን ልዩነት ያስታውስ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

መምህሩ አምስት ነጭ የሸክላ ማፍያ አሰናዳ። በመጀመሪያው የውሽውሽን፥ በሁለተኛው የጉመሮን፥ በሦስተኛው ያንኑ እኛ የከሰስነውን ዓይነት የሲሎን ረዥም ቅጠል፥ በአራተኛው የቻይና አረንጓዴ ሻይ፥ በአምስተኛው ወይዘሮዋን ለምኖ የጉና ጦስኝ ጨመረ። ጦስኝ የሻይ ወገን እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ በደጋ ሣር መካከል እየተሳበ የሚበቅል፥ ሐምራዊ አበባ ያለው፥ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ትንሽ ተክል ነው። ነገር ግን በደጋው ቤት ሁሉ እንደ ሻይ የሚፈላ ስለ ሆነ ከፍርዱ መለየት አድልዎ መሰለን። መምህሩ በጓዳ ሆኖ እየቀዳ፥ ከስኒዎቹ ሥር ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት እየለጠፈ፥ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳይነግረን ያቀርብልን ነበር። ስኳርም ቅመምም ከለከለን። ቀረፋና ቅርንፉድ፥ ዝንጅብልና ሄል እጅግ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ጥሩ ጠበቃ የደካማውን ቅጠል ጥፋት ይሸፍናሉና በፍርድ ቀን አይፈለጉም።

በመጀመሪያው ዙር ፓኬቱ እንደሚያዝዘው የፈላ ውሃ አፍስሶ 3 ደቂቃ አቈየ። ስንቀምሰው አንደኛውና ሁለተኛው ቀለም አላቸው፥ ኃይላቸው ግን ደካማ ነው። ሦስተኛው የሐምሌው ሻይ ራሱ ነበር፤ ወይዘሮዋም «ይህስ ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ነው» አሉ። ልጂቱ «ይህ በእርግጥ የአገር ውስጥ ነው» ብላ ፈረደችበት፤ እርሷ ያመሰገነችው የውጭ ሻይ መሆኑን አላወቀችም። አራተኛው ግን ለስለስ ያለ፥ የእርጥብ ሣር ሽታ ያለው፥ ምንም ጉድለት ያልተገኘበት ሆነ። ስለ አምስተኛው ወደ ኋላ እንናገራለን።

መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ ከትምህርት ቤት የተዋሰውን የሙቀት መለኪያ አወጣና በከሰሉ ላይ እየተንፈቀፈቀ ባለው ማንቈርቈሪያ ውስጥ አገባው። ሁላችንም ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው ብለን ተምረናልና 100 እናያለን ብለን ጠበቅን። መለኪያው ግን በ91 ላይ ቆመ። ወይዘሮዋ እሳቱ አንሶ ነው ብለው ከሰል ጨመሩበት፤ ውሃው ይበልጥ ተንፈቀፈቀ፥ መለኪያው ግን ከ91 አልተነቃነቀም። «መለኪያህ ተበላሽቷል፥ ልጄ» አሉት። እርሱም «አይደለም እመቤቴ፤ መለኪያው ደኅና ነው፥ እኛ ከፍ ብለን ነው የተቀመጥነው» አላቸው።

ነገሩም እንዲህ ነው። ውሃ ሲፈላ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ለመውጣት በላዩ የሚጫነውን አየር ማሸነፍ አለበት። በባሕር ዳርቻ አየሩ ከባድ ስለ ሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ካልደረሰ አያሸንፈውም። ወደ ደጋ በወጣን መጠን የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታም 1 ዲግሪ ያህል ይጐድላል። በፎገራ ሜዳ በወረታና በባሕር ዳር፥ 1,800 ሜትር ያህል በሆነው ከፍታ ላይ፥ ወደ 94 ዲግሪ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት 91 ይሆናል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ራስ ላይ ማንቈርቈሪያ የሚጥድ እረኛ ቢኖር ውሃው በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላለታል። እሳት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ወይዘሮዋ ይህን በሰሙ ጊዜ «እንግዲያስ ሽምብራና ባቄላ እዚህ ማገዶ የሚፈጅብን፥ በወረታ ግን ቶሎ የሚበስለው ለዚህ ነዋ!» አሉ። እኛ ከመጽሐፍ የተማርነውን እርሳቸው ከምድጃቸው ዐውቀውት ኖረዋል፤ የጐደላቸው ምክንያቱ ብቻ ነበር።

መምህሩ በዚህ አላበቃም። የፈላውን ውሃ በቀዝቃዛው የሸክላ ማፍያ ውስጥ አፍስሶ ቢለካው ወደ 83 ዲግሪ ወርዶ ተገኘ። ማፍያውን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ካሞቀው በኋላ ቢለካው ግን 88 ሆነ። እንግዲህ በሐምሌ ወር ለእንግዳችን ያቀረብነው ሻይ የተነከረው በፈላ ውሃ ሳይሆን፥ በነሐሴና በሐምሌ ብርድ በቀዘቀዘ ዕቃ ውስጥ ከ100 ብዙ በራቀ ውሃ ነበር። ትእዛዙን የጻፈው ሰው በባሕር አጠገብ ተቀምጦ ለባሕር አጠገብ ሰዎች ጽፏል፤ እኛ ደግሞ አገራችንን ሳንመለከት ቃሉን ብቻ ጠብቀን ተሳሳትን። የውጭ ትእዛዝ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጻፈበትን አገር ከፍታ መጠየቅ ይገባል።

በሁለተኛው ዙር ሥርዓቱ ተለወጠ። ሻይን ለማወዳደር በዓለም የተስማሙበት ደንብ አለ፤ የዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት በ1980 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው ነው። ይህም ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠል መዝኖ፥ ክዳን ባለው ነጭ የሸክላ ዕቃ 6 ደቂቃ ማቈየትን ያዝዛል። 2 ግራም ማለት አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። መምህሩ ማፍያዎቹን አሞቀ፥ ውሃው ከእሳት ሳይርቅ አፈሰሰ፥ ክዳናቸውን ገጥሞ በወፍራም ጨርቅ ሸፈናቸው፥ 6 ደቂቃም ጠበቅን።

ቍጥር 3 ሲቀርብ ዝም አልን። መልኩ እንደ ጠራ ማር፥ ሽታው ገና ከአፍንጫ ሳይርቅ ልብ የሚስብ፥ ሲጠጡት ምላስ ላይ ቀለል ብሎ የሚቈይ ነበር። ያ በገበያተኛ ፊት ያረጀ ነው ያልነው ቅጠል ይህ ነው። ፊታችን በእፍረት ስለ ጋለ የሻዩን ሙቀት እንኳ ለመለየት አልቻልንም። ቍጥር 1 ደማቅና ቀይ፥ አፍ የሚሞላ፥ ለዳቦና ለቆሎ የሚስማማ ሆነ። ቍጥር 2 ከአንደኛው ጥቂት ለስለስ ያለ መሰለን፤ ልጂቱም «የውጭው ይህ ነው፥ አልተሳሳትሁም» ብላ መረጠችው። ወረቀቱ ሲገለጥ ጉመሮ የሚል ተጻፈበት። እርሷም ሳቀችና «ዳኛው ዕውር ሲሆን ነው ፍርዱ የሚቀናው» አለች።

ወይዘሮዋ ግን «እኔ እንደለመድሁት በእሳት ላይ ይፍላልኝ» ስላሉ ሦስተኛ ዙር ተደረገ። ቅጠሉ ከውሃው ጋር በከሰል ላይ 3 ደቂቃ ያህል በዝግታ ተንፈቀፈቀ። ደቃቁ የውሽውሽና የጉመሮ ሻይ በዚህ አፈላል ኃይሉ ጨመረ፥ ለስኳርና ለቅመምም ተመቸ። የሲሎኑ ረዥም ቅጠል ግን ጎመዘዘ፥ ያ ልብ የሚስበው ሽታውም ከእንፋሎቱ ጋር ሄደ። አረንጓዴው ደግሞ ፈጽሞ መራራ ሆነ። ከዚህም የተማርነው፥ ሻይን ከውሃው ጋር አብሮ ማፍላት አንዳንድ ከውጭ የተመለሱ ወዳጆቻችን እንደሚሉት ያለማወቅ ሥራ አለመሆኑን ነው። ውሃው በ91 ዲግሪ ለሚፈላበት አገርና ለደቃቅ ቅጠል የሚስማማ የእናቶቻችን ብልኅነት ነው። ለረዥሙ ቅጠል ግን ሙቅ ማፍያና ትዕግሥት ይሻለዋል። አረንጓዴው ከባሕር ዳር ይልቅ ለእኛ ይመቻል፤ እርሱ የሚወደው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ያለ ሙቀት ስለ ሆነ፥ የባሕር ዳርቻው ሰው ውሃውን አብዝቶ እስኪያቀዘቅዝ ሲጠብቅ እኛ ጥቂት ቈይተን ልናፈስስ እንችላለን። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ዙር ነውር ያልተገኘበት።

አሁን ስለ አምስተኛው እንናገር። በሦስቱም ዙር ከሁላችን አንድም ሰው ያልነቀፈው እርሱ ነበር። ወይዘሮዋ ራሳቸው ቀምሰው «ይህ የትኛው አገር ቅጠል ነው? ከፈላም፥ ከተነከረም አይጣላ» ብለው ጠየቁ። ከኋላቸው ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረው የራሳቸው ጦስኝ መሆኑ በተነገራቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእንግዳ ስደብቀው ኖርሁ» አሉ። ይህን ቃል ስንጽፍ ለማሳቅ አይደለም። በየቤታችን ከእንግዳ ዓይን የምንሰውረው ስንት መልካም ነገር እንዳለ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጓዳ ይመርምር። ጦስኝ የሻይ ቅጠል ያለውን እንቅልፍ የሚከለክል ኃይል ስለሌለው ለማታም ይመቻል። አንድ ነገር ግን እናሳስባለን፤ በገበያ ቀን ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ ሲቀርብ እናያለን። ከላይ ቢታጨድ ደግሞ ያቈጠቍጣል፥ ከሥሩ ቢነቀል ግን ያልቃል። ርብና ጉማራ የሚነሡበት የጉና መሬትም ልብሱን ሲገፈፍ ይጐዳል። ስለዚህ ታጭዶ የመጣውን መርጦ መግዛት ለሻጩም ለተራራውም ምክር ነው።

ቅምሻው በዚህ ቢያበቃ ጨዋታ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ማዕዱ ቀርቦ እንጀራው በምስርና በሽሮ ሲበላ፥ ልጂቱ ከቦርሳዋ አንድ ክኒን አውጥታ ከፊቷ ባለው በውሽውሽ ሻይ ልትውጥ አነሣችው። አዋላጂቱ እጇን ያዘችና «ይህ ምንድን ነው፥ እታለም?» አለቻት። ልጂቱም በምርመራ ጊዜ ደም አንሶሻል ተብሎ የተሰጣት የብረት ክኒን መሆኑን፥ ከሁለት ወር ጀምሮም ዘወትር ከምሳ ጋር በሻይ እንደምትውጠው ነገረቻት። አዋላጂቱ በለሰለሰ ቃል «እንግዲያስ ሁለት ወር ሙሉ በአንድ እጅሽ ሰጥተሽ በሌላው እጅሽ ስትነሺ ኖረሻል» አለቻት።

ምክንያቱንም አስረዳችን። በሻይ ውስጥ አፍን የሚያደርቀው፥ ታኒን የሚባለውና የርሱም ዘመዶች የሆኑት ነገሮች ከብረት ጋር ይተሳሰራሉ፤ ሰውነትም ብረቱን እንዳይወስድ ያግዱታል። ይህም ይበልጥ የሚጸናው ከእህልና ከጥራጥሬ በሚገኘው ብረት ላይ ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ ብረት የምናገኘው ከጤፉ፥ ከምስሩና ከሽምብራው ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር፥ የምታጠባ እናትና ትንንሽ ልጆች ሻይን ከምግብ ጋር ሊጠጡ አይገባም፤ ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። የብረት ክኒን በውሃ ይዋጣል። በምግቡ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ደግሞ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ቡናም በዚህ ነገር ከሻይ የተለየ አይደለም።

ወይዘሮዋ ደንግጠው ስኒውን ከልጃቸው ፊት አነሡና «እንግዲያስ ጤና አዳም በጦስኙ ነክሬ ልስጣት፥ ለሆዷ ይበጃታል» አሉ። አዋላጂቱ ይህንንም ከለከለች። ጤና አዳም በቡናና በሻይ ውስጥ ለሌላው ሰው የተለመደ ቢሆንም፥ ማሕፀንን የሚያነቃንቅ ኃይል አለውና ለነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ አይሰጥም። ጦስኙንም ለጣዕም ያህል ቀጠን አድርጎ መጠጣት እንጂ እንደ መድኃኒት አወፍሮ ማብዛት አይገባትም። እናቲቱ ስኒያቸውን እያዩ «ደግ አደርጋለሁ ብዬ ልጄን በገዛ እጄ ልጐዳት ነበርን?» አሉ። ልጂቱም «እመዬ፥ እኔ የተማርሁት ሳላውቅ አንቺ ከየት ታውቂያለሽ?» ብላ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ምሳ ከተነሣ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማንቈርቈሪያ እንደማይጣድ ሰምተናል።

የምናቀርበውን ምክር በአጭሩ እንደሚከተለው እናስቀምጣለን።

1ኛ፥ በደጋ አገር ማፍያው አስቀድሞ በፈላ ውሃ ይሙቅ፤ ውሃውም ከእሳት ሳይርቅ ይፍሰስ፤ ክዳኑ ተገጥሞ በጨርቅ ይሸፈን።

2ኛ፥ ረዥም ቅጠል 6 ደቂቃ ያህል ይነከር እንጂ በእሳት ላይ አይንፈቅፈቅ። ደቃቁ ቅጠል በዝግታ ቢፈላ አይነቀፍም። አረንጓዴው የፈላው ውሃ ጥቂት ከበረደ በኋላ ይፍሰስበት።

3ኛ፥ የሻይ ቅጠል የሌላውን ሽታ በቶሎ ይቀበላል፤ ስለዚህ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ከበርበሬና ከቅመም፥ ከጭስም ርቆ ይቀመጥ።

4ኛ፥ አዲስ ሻይ ሲገዛ መጀመሪያ ያለ ስኳርና ያለ ቅመም ይቀመስ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወደዱ ይደረግ።

5ኛ፥ ነፍሰ ጡር፥ አጥቢና ሕፃን ባለበት ቤት ሻይ ከማዕድ ይለይ።

በበዓሉ ሳምንት መጨረሻ ወደዚያ ሽማግሌ ነጋዴ ሱቅ ተመልሰን ሄድን። የነቀፍናቸው በሰው ፊት ስለ ነበረ ይቅርታም የጠየቅናቸው በሰው ፊት ነው። ያንኑ የሲሎን ሻይ ሁለት ፓኬት ገዛን፥ የሆነውንም ሁሉ ነገርናቸው። እርሳቸው ግን ስለ 91 ዲግሪው ብዙ አልተደነቁም። ፓኬቱን በወረቀት እየጠቀለሉ «ልጆቼ፥ እኔ ቅጠሉን እሸጣለሁ እንጂ ውሃውን አልሸጥም» አሉን። ገንዘባችንንም ቈጥረው ተቀበሉ።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በቤታችሁ ሻይ በቀጠነ ጊዜ ቅጠሉን ከመንቀፍ፥ ባለ ሱቁንም ከመውቀስ በፊት ማንቈርቈሪያውን፥ ሰዓቱንና የተቀመጣችሁበትን ከፍታ ጠይቁ። ሰውን ያለ በደሉ መውቀስ ከቀጠነ ሻይ ይልቅ አፍ ያጐመዝዛል፤ ይህንም የምንናገረው ቀምሰን ነው።